«ቱርቦው ሞቷል» ሲሏችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ የሚወጣውን ዳገት በጅማ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ሙቀቱ፣ ጠመዝማዛው፣ ከፊት እያቃሰተ የሚወጣው ተሳቢ። አምና እዚያው ዳገት መሃል ላይ ፒክአፔ ድንገት ታፈነ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጠው ከ2,500 ዙር አላልፍ አለ፣ የሞተር መብራቱ ቦግ አለ፣ ከኋላዬ ያለው አይሱዙ ጥሩምባውን ለቀቀብኝ። በ2ኛ ማርሽ እየዳኽኩ አበልቲ ወጣሁ። ጥግ ይዤ አጠፋሁት፣ ሻይ ጠጣሁ። ሳስነሳው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነ። ቀስ እያልኩ ጅማ ገባሁ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ አንዴ ነዳጅ አስረገጠኝ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና «ቱርቦው ሞቷል ወንድሜ፣ ሌላ መግዛት ነው» አለኝ። ቱርቦ ማለት አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ ነው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ደግነቱ ብሩ በእጄ አልነበረም። ብር ሳፈላልግ በሰነበትኩበት ሳምንት ራሴ ስጎረጉር ጥፋተኛውን አገኘሁት፤ የእስክሪብቶ ያህል የምትቀጥን የጎማ ቱቦ ነበረች። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሰው መኪናም ሳይ አንድ ቅደም ተከተል ይዣለሁ፦ በነፃ ከሚታየው ጀምሮ ወደ ውዱ መሄድ። ቱርቦ የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው።

ሊምፕ ሞድ ምንድን ነው?

የመኪናው ኮምፒውተር ከጠበቀው ውጭ የሆነ ነገር ሲያይ ሞተሩን ለማትረፍ ጉልበት ይቆርጣል። ቤት እንድትደርሱበት ያህል ብቻ ይተውላችኋል። ዳገቱ ላይ እኔን የገጠመኝ ይኼ ነው። ትኩሳት በሉት። ትኩሳት ወባም ይሆናል፣ ታይፎይድም ይሆናል፣ ጉንፋንም ይሆናል። ስለዚህ «ሊምፕ ሞድ ገባ» ማለት «ቱርቦ ተበላሸ» ማለት አይደለም። የተዘጋ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ የተጣበቀ ኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ)፣ ሁሉም እዚያው ያደርሷችኋል።

መንገድ ላይ ሲገባባችሁ መጀመሪያ ዳሽቦርዱን እዩ። የዘይት መብራት ከበራ ወይም ሙቀቱ ከወጣ ወዲያው ቁሙ፣ «እስከ ሰኮሩ ልድረስ» የሚባል ነገር የለም። የበራው የሞተር መብራት ብቻ ከሆነና የተለየ ድምፅ ወይም ጭስ ከሌለ ቀስ ብሎ መጠለያ ቦታ መድረስ ይቻላል።

አንድ አደገኛ ነገር ግን አለ፣ ሹፌር ሁሉ ቢያውቀው ጥሩ ነው። ቱርቦው በእርግጥ ተበላሽቶ የሞተር ዘይት በአየር መስመሩ ወደ ሲሊንደር መግባት ከጀመረ የናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እያቃጠለ ሊሮጥ ይችላል። ቁልፉን ብታጠፉትም አይጠፋም። ዙሩ ብቻውን ይወጣል፣ ጭሱ መንገዱን ይሸፍነዋል። ማርሹ ማንዋል ከሆነ መኪናውን አቁማችሁ ከፍተኛውን ማርሽ አስገቡ፣ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙና ፍሪሲዮኑን ልቀቁት፤ ታንቆ ይጠፋል። አውቶማቲክ ከሆነ ሰው አውርዱና ራቁ። እጃችሁን ወደ አየር ማስገቢያው እንዳትሰዱ።

ባትሪውን አትንቀሉ

የተለመደው ምክር «ባትሪውን ነቅለህ መልሰው፣ ይስተካከላል» ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ እውነት ነው። ከመብራቱ ጋር ግን ኮምፒውተሩ የመዘገበው ኮድና ችግሩ ሲፈጠር የነበረው ሁኔታም ይጠፋል። ማስረጃውን በገዛ እጃችሁ አጠፋችሁ ማለት ነው።

ይልቅ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በስንት ዙር፣ በስንተኛ ማርሽ፣ ዳገት ነው ሜዳ፣ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ አጥፍታችሁ ስታስነሱት ተመለሰ ወይስ እዚያው ቀረ? የእኔ «ዳገት፣ ሙቀት፣ ሲያርፍ የሚድን» ነበር። ይኼ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ የሞተ ቱርቦ ሻይ ስለተጠጣ አይድንም።

ጭሱንም አስታውሱ። ከኋላ የሚከተል ሰው ካለ ጠይቁት፣ እናንተ በመስታወት ከምታዩት እሱ የተሻለ አይቶታል። ጉልበት ጠፍቶ ጥቁር ጭስ ካለ ናፍጣው እየገባ ነው፣ ያነሰው አየር ነው። ስለዚህ የአየር መስመሩን ፈልጉ። ጉልበት ጠፍቶ ጭስ ምንም ከሌለ አንድም ናፍጣው አልደረሰም፣ አንድም ኮምፒውተሩ ራሱ ቆርጦታል። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም የራዲያተር ውኃ ሊሆን ይችላል። በዚህ ብቻ ግማሹን ጥርጣሬ ማስወገድ ትችላላችሁ።

በነፃ የሚታየው

ሜዳ ላይ አቁሙና ዘይቱን ለኩ። ቱርቦ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው፣ ዘንጉን የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ጎድሎ ወይም እንደ ሬንጅ ወፍሮ ከሆነ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ።

ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ። በበጋ ወደ ገጠር የቡና ማሳ የሚመላለስ መኪና ቀይ አፈሩን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ፊልትሮውን ጎማ ላይ እየመቱ ማራገፍ ወረቀቱን ይቀደዋል፣ የተቀደደው ደግሞ አፈሩን ቀጥታ ወደ ቱርቦው ምላጭ ይልከዋል። በኮምፕሬሰር ከሆነም ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከራቅ ብሎ፣ በቀስታ ንፉት። ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ስታዩት ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ቀይሩት። ሣጥኑንም ውስጡን እዩ። የእኔን ስከፍተው ጥግ ላይ የበቆሎ ፍሬና የተበጣጠሰ የጆንያ ክር ተከምሮ አገኘሁ። መኪናዬን የማሳድረው ቡና መጋዘን አጠገብ ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፣ አልነቃሁም፤ ጠራርጌ መልሼ ዘጋሁት።

የናፍጣ ፊልትሮውም ቸል አይባልም፣ በተለይ ነዳጅ ጠፍቶ በጀሪካን ከቀዱ በኋላ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፍቱና በጠርሙስ ተቀበሉ። ውኃ ካለ ከታች ይቀመጣል፣ በዓይን ይለያል።

ትልልቆቹ ቱቦዎች

ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ከኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚሄዱትን ወፍራም ቱቦዎች ሞተሩ በርዶ ሳለ በእጃችሁ ዳብሱ። ኢንተርኩለር የሌለው መኪናም አለ፣ እዚያ መንገዱ አጭር ነው። የምትፈልጉት ስንጥቅ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ከብረት ጋር ሲፋተግ የሳሳ ቦታ ነው። ከታች በኩል ያለው ጎን ላይ መሆን ይወዳል፣ ስለዚህ መስታወት ወይም የስልክ ካሜራ ከሥር አስገቡ። አየር የሚያመልጥበት ቦታ ብዙ ጊዜ በዘይት ወዝቶ አቧራ ይለጠፍበታል። ከቱቦው ውስጥ ትንሽ የዘይት ወዝ ማየት ግን አያስደንግጣችሁ፣ የሞተሩ እስትንፋስ እዚያ ስለሚመለስ ያለ ነው። ሲጋደል የሚፈስ ዘይት ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

በዓይን ካልታየ ሰው ጋቢና አስቀምጡና ነዳጅ ያስረግጥላችሁ፣ እናንተ አዳምጡ። «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ዙር ሲጨምር ከመጣ ደርሳችኋል። የሻርፕ ጫፍ፣ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ ከፋኑና ከቺንጋው አርቁ።

ከዚህ የሚበልጠው የሳሙና ውኃ ፈተና ነው። የሚያስፈልገው የቧንቧ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በቱቦው ልክ የሆነ የፕላስቲክ መክደኛና አንድ የቱብለስ ጎማ ቫልቭ ነው። መክደኛውን በስታችሁ ቫልቩን አስገቡበት፣ ጎሚስታ ሄዳችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ አውልቃችሁ በእሱ ድፈኑና በማሰሪያ አጥብቁት። ከዚያ አየር አስሞሉ። ግፊቱ ከ1 ባር ማለፍ የለበትም፣ እንደ ጎማ ካስነፋችሁት መክደኛው ተፈናጥሮ ፊታችሁን ይመታል። ፊታችሁን ከመክደኛው አቅጣጫ አዙሩ። ቱቦው ላይ፣ መገጣጠሚያው ላይ፣ ኢንተርኩለሩ ላይ የሳሙና ውኃ እርጩ። አረፋ የሠራበት ቦታ ነው የሚያፈሰው። አየሩ ትንሽ ትንሽ በሞተሩ በኩል መውጣቱ አይቀርም፣ እሱን ተዉት፣ የምትፈልጉት አረፋ ነው።

ቀጭኗ ቱቦ

አሁን ወደ እኔዋ። የብዙ ናፍጣ መኪና ቱርቦ ውስጡ የሚከፈቱና የሚዘጉ ምላጮች አሉት፣ እነሱን የሚያንቀሳቅስ አንድ ክንድ ከውጭ ይታያል። ክንዱን የሚጎትተው በአንዳንዱ መኪና ቫኪዩም (በቀጭን ጎማ የሚመጣ አየር የመሳብ ኃይል) ነው፣ በአንዳንዱ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በቀላሉ የተሠሩት ላይ ደግሞ የቱርቦው የራሱ ግፊት ይገፋዋል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከክንዱ በላይ ያለውን ክብ ቆርቆሮ እዩ። ሽቦ ብቻ ከሄደበት ኤሌክትሪክ ነው። ቀጭን ጎማ ከሄደበት ቫኪዩም ወይም ግፊት ነው።

ቫኪዩም ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ክንዱ የቆመበትን ቦታ ልብ በሉ። ሰው ያስነሳው። ክንዱ ወዲያው መጎተት አለበት፣ ሲጠፋ መመለስ አለበት። በግፊት የሚሠራው ግን እንዲሁ ቆሞ ሲነሳ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ አትሳሳቱ። የእኔ ሲነሳ ትንሽ ተነቃነቀና ቀረ። «እህ፣ ምላጩ ተጣብቋል» ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ግን ከፋርማሲ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዛሁ። ጎማውን ከቆርቆሮው ነቅዬ ሲሪንጁን በሌላ አጭር ጎማ አገናኘሁና ሳብኩት። ክንዱ ሽቅብ ሄደ። ሲሪንጁን ይዤ ቆየሁ፣ ክንዱም እዚያው ቆየ። ማለትም ቆርቆሮው አልተቀደደም፣ ምላጩም ይንቀሳቀሳል። ችግሩ ቫኪዩሙ አለመድረሱ ነው።

ከዚያ ጎማዋን ከቱርቦው ጀምሬ ወደ ኋላ ተከተልኳት። ከባትሪው ሥር ስታልፍ ጥቁሯ ጎማ ላይ የትናንሽ ጥርስ ፈለግ ተደርድሮ ነበር፣ እንደ መርፌ ስፌት ጎን ለጎን። አይጧ ሙሉ በሙሉ አልበጠሰቻትም። ጎማዋ ስትቀዘቅዝ ገጥማ ትዘጋለች፣ ስትሞቅ ትከፈታለች። መኪናው ዳገት ላይ መታፈኑ፣ ሻይ ከጠጣሁ በኋላ መዳኑ፣ ሁሉም ነገር እዚያች ሁለት ጣት የምታህል ቦታ ላይ ነበር። አንድ ሜትር የቫኪዩም ጎማ ገዛሁና ቀየርኳት። ለዚህ ሥራ የግሉኮስ ቱቦ የሚያስገቡ ሰዎች አይቻለሁ፣ አታድርጉት፤ ሲሞቅ ይላላል፣ ሲሳብ ይጣበቃል።

ጎማው ደህና ሆኖ ክንዱ ራሱ በሲሪንጅ የማይሄድ ወይም እየተያዘ የሚሄድ ከሆነ ምላጮቹ ጥላሸት ይዟቸዋል። ጅማ ከተማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ፣ ከመርካቶ ቆጪ እያለ ሳይሞቅ የሚውል መኪና ላይ ይብሳል። ተፈትቶ መጽዳት ነው ያለበት። የክንዱን ማቆሚያ ብሎን እያዞሩ «ጉልበት ጨመርኩልህ» የሚሉትን ግን አታስነኩ። እሷ የተለካች ናት።

ስካነሩ የሚለውን ማንበብ

ትንሿ ብሉቱዝ ያላት የኮድ ማንበቢያና ስልክ ለብዙ መኪና ይበቃል፣ አንዳንድ አሮጌ መኪኖች ላይ ግን አይገናኝም፣ ያኔ ጋራዥ ያለው ትልቁ ስካነር ያስፈልጋል። ፒ0299 ካለ የቱርቦ ግፊት አንሷል ማለት ነው። ፒ0234 ከልክ በላይ ሆኗል ነው። ፒ0087 የናፍጣው ግፊት አንሷል፣ ፒ0101 የአየር መለኪያው ንባብ አልጣመም፣ ፒ0401 የኢጂአሩ ፍሰት አንሷል። ልብ በሉ፣ ፒ0299 ግፊት አነሰ አለ እንጂ ቱርቦ ቀይር አላለም። የእኔም ኮድ እሱ ነበር።

ከኮዱ ይልቅ የምወደው የቀጥታ ንባቡን ነው፣ ጅማ መኖራችን የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና የኢንቴክ ግፊት ሴንሰሩን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን) ንባብ እዩ። ሞተር ቆሟል፣ ስለዚህ የሚያነበው የአካባቢውን አየር ነው። የውጭ አገር ቪዲዮዎች «100 ኪሎ ፓስካል ማሳየት አለበት» ይላሉ፤ እሱ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ትክክለኛው 82 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ ይሆናል፣ ጊቤ ድልድይ ላይ ወደ 88 ወይም 89 ይወጣል። ስለዚህ ጅማ ላይ 82 አይታችሁ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብትባሉ አትቀበሉ። 100 ካሳየ ነው ሴንሰሩን የምትጠረጥሩት።

የቱርቦው ድርሻ ከዚህ በላይ የጨመረው ብቻ ነው። ሲነዳ 180 ካነበበ ከእሱ ላይ 82 ቀንሱ፣ 98 ነው ቱርቦው የሰጠው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለማምጣት የበለጠ ይደክማል፣ ጅቡቲ ላይ የማትታወቅ ትንሽ ማፍሰሻ እኛ ጋ ሊምፕ ሞድ የምታስገባው ለዚህ ነው።

ለመፈተን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን የጅሬን ዳገት እጠቀማለሁ። መንገዱ ነፃ ሲሆን፣ በ3ኛ ማርሽ፣ ከ1,800 ዙር ገደማ ጀምሮ ነዳጁን መርገጥ። ስልኩን የሚያነብ ሰው አጠገብ ይቀመጥ፣ እየነዱ ስልክ ማየት አይሆንም። በብዙ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ ሙሉ ጉልበት ሲሰጥ ንባቡ ከ200 ያልፋል። 90 እና 95 ላይ ከተንቀረፈፈ ቱርቦው አየር እየሰጠ አይደለም ወይም የሰጠው እየፈሰሰ ነው። በፍጥነት ወጥቶ፣ ከሚገባው አልፎ፣ ከዚያ በአንዴ ከተቆረጠ የተጣበቀ ምላጭ ይሸታል።

ቱርቦውን ራሱን ማየት

እስካሁን ምንም ካልተገኘ አሁን እሺ። ሞተሩ በደንብ ሲበርድ የመግቢያ ቱቦውን አውልቁና ጣታችሁን አስገብታችሁ የሚሽከረከረውን ምላጭ (በክንዱ የሚከፈቱትን አይደለም) አሽከርክሩ። ያለ መያዝ መዞር አለበት። ወደ ጎን ትንሽ መወዛወዝ የጤና ነው፣ ኩሽኔታው በዘይት ላይ ስለሚንሳፈፍ ዘይት ሳይኖር ትንሽ ይላላል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግን በእጅ የሚታወቅ መሄድ የለበትም። ምላጩ ግድግዳውን ከነካ፣ ጫፉ ከተበላ ወይም ከተጣመመ፣ ይኼ ቱርቦ አልቋል። እንደ አምቡላንስ ሳይረን የሚጮህ ቱርቦም ብዙ ጊዜ የሚነካ ምላጭ አለው። ቀጭን ፉጨት ግን ሁሉም ቱርቦ ያፏጫል፣ በፉጨት ብቻ አትፍረዱበት።

ካለቀ፣ ምን ገደለው?

ይኼን ጥያቄ ሳይመልሱ ሌላ ቱርቦ መግጠም ሁለተኛውንም ለዚያው ገዳይ አሳልፎ መስጠት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ገዳዩ ዘይት ነው፤ ወይ አልደረሰም ወይ ቆሽሿል። ዘይት የሚያመጣውን ቀጭን ቧንቧ ፍቱና ውስጡን እዩ፣ በካርቦን ተደፍኖ ይገኛል። ከተቻለ በአዲስ ቀይሩት። የሚመልሰውም መንገድ ክፍት መሆን አለበት፣ ካልሆነ ዘይቱ መውጫ አጥቶ በምላጩ በኩል ይተፋል።

በቶዮታ 3.0 ሊትር ዲ4ዲ የናፍጣ ሞተሮች ላይ በሰፊው የሚታወቅ አንድ ነገር አለ። ከኢንጀክተሮቹ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ማፍሰስ ከጀመረች የቃጠሎ ጋዝ ወደ ላይ ያልፋል፣ ዘይቱን በካርቦን ያጠቁረዋል፣ ካርቦኑ ወርዶ የዘይት ቋቱ ውስጥ ያለውን ማጥለያ ወንፊት ይደፍነዋል። ከዚያ ቱርቦው በዘይት ጥም ይሞታል፣ ሞተሩም ይከተላል። ስለዚህ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ የሚጠቁርና የሚወፍር ከሆነ ቋቱን አስወርዳችሁ ወንፊቱን በዓይናችሁ እዩ። መካኒኩ «አያስፈልግም» ቢል «እኔ ማየት እፈልጋለሁ» በሉት።

ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቱርቦ የምታስመጡ ከሆነ ዕቃው ሲደርስ ከላይ የነገርኳችሁን የጣት ፈተና ሳታደርጉ አትቀበሉ፣ የሞተሩ ዓይነትና የቱርቦው ቁጥር መግጠሙንም አመሳክሩ። ሲገጠም ዘይትና የዘይት ፊልትሮው አብረው ይቀየሩ። ከመነሳቱ በፊት በዘይት ማስገቢያው ቀዳዳ ንፁህ ዘይት ጨምራችሁ በእጅ አሽከርክሩት። የዘይት መስመሩ ላይ ሲሊኮን አታስቀቡ፣ ጓርኒሲዮኑ ብቻ ይበቃል፤ ተርፎ ወደ ውስጥ የገባው ሲሊኮን ተቆርሶ ያችኑ ቀጭን ቀዳዳ ይዘጋል። መጀመሪያ ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ሳይረገጥ ይሥራ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ኮዱን አጥፉና እንደገና ጅሬን ውጡ። ከላይ ስትደርሱ ወዲያው አታጥፉት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቁም፣ ቱርቦው ይቀዝቅዝ። የነካካችሁትን ማሰሪያ ሁሉ ደግሞ ማሰሪያውንና ቱቦውን የሚያቋርጥ አንድ መስመር በቀለም አስምሩበት። ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮፈኑን ከፍታችሁ ስታዩ መስመሩ ከተሰበረ ቱቦው ተንሸራቷል ማለት ነው። እኔ የተጠቀምኩት ቀይ የጥፍር ቀለም ነው። ባለቤቴ የት እንደገባ እስካሁን ትፈልጋለች።